ሦስት የዝናብ ጣቢያዎች ይዤ ወደ ጌዴኦ

ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ይርጋጨፌ ድረስ ሄደሽ ቡና ሳታመጪ መጣሽ?» ይለኛል። አምጥቼ ነበር፤ አልቋል። ያላለቀው ወሬው ነው። ደብረ ብርሃን ለምንኖር ለብዙዎቻችን ጌዴኦ በቡና ከረጢት ላይ የሚነበብ ስም ከመሆን አያልፍም። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ያየሁትንና የገጠመኝን በየቀኑ ቅደም ተከተል ልጽፈው ወሰንኩ።

መጀመሪያ ይዤው የሄድኩትን ዕቃ ላስተዋውቅ። እኔ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን በቀላሉ ከሚገኝ ዕቃ የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ ሠርተናል። ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣው ጣቢያ ለእኛ ዓይነት ኮሌጅ የሚቀመስ አይደለም። የእኛን የሙቀት መለኪያ ከፀሐይ የሚከልሉት ነጭ የፕላስቲክ ሳህኖች ናቸው፤ ንፋስ የሚለኩት ለሁለት የተገመሱ የልጆች ኳሶች ናቸው። ዝናቡ ደግሞ እንደ ጋዝ መቅጃ አፉ በሰፋ ቆርቆሮ ገብቶ ባለሁለት ጎን ማንኪያ ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ ጎን ሲሞላ ማንኪያዋ ትገለበጣለች፤ ሌላው ጎን መሙላት ይጀምራል፤ ደግሞ ትገለበጣለች። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ትንሽ ቦርድ ግልብጫዋን እየቆጠረ በሲም ካርድ ወደ ኢንተርኔት ይልከዋል። ቁጥሩን ማንም ሰው፣ የትም ሆኖ፣ ያለ ይለፍ ቃል በስልኩ ከፍቶ ያየዋል።

ወደ ዲላ የጠራችኝ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ትዕግስት ናት። ዲላ ተወልዳ ያደገች፣ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የምታስተምር ሴት ናት። «ቡና በሚደርቅበት ወቅት ድንገተኛ ዝናብ እየመጣ ሰዉን እየጎዳው ነው፤ ያንን ነገርሽን ይዘሽ ነይ» ብላ ደወለችልኝ። ሦስት ሠርቼ ተነሳሁ። አንዱ ለዲላ፣ አንዱ ለይርጋጨፌ፣ አንዱ ይርጋጨፌ አጠገብ ላለው ለኢዲዶ።

ማክሰኞ

ከቤት የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ውርጩ የግቢያችንን ሣር ነጭ አድርጎት ነበር። እናቴ በር ድረስ ሸኝታኝ ጋቢዋን ደረበችልኝ። ማታውን ስልኳ ላይ የጣቢያዎቹን ገጽ ከፍቼ እንዴት እንደምታየው አሳይቻት ነበር። ያኔ ገጹ ላይ የነበረው የደብረ ብርሃኑ ጣቢያ ብቻ ነው።

«አንቺ ስትተክዪ የዲላውም እዚህ ይመጣል ማለት ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ።»

«እንግዲያው የት እንደደረስሽ በዚህ አውቃለሁ» ብላ ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

ሦስቱን ጣቢያዎች ፈታትቼ፣ በአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ጠቅልዬ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ አድርጌያቸዋለሁ። አዲስ አበባ ገብቼ የሐዋሳ አውቶቡስ ስይዝ ረዳቱ ካርቶኑን ጣሪያ ላይ ሊሰቅለው ታገለኝ። እኔም ታገልኩት። በመጨረሻ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ተጓዝኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮም ግማሹ እሳቸው ጭን ላይ እንዲያርፍ ፈቀዱልኝ። ከሞጆ ወዲያ አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ ፖሊሱ።

«የዝናብ መለኪያ ነው።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንድ እፍኝ ደመና የለም። «የቱን ዝናብ ነው የምትለኪው?»

«የዲላውን።»

ኳሶቹን አውጥቶ አገላበጣቸውና ለምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። ንፋስ ሲነካቸው እንደሚዞሩ ነገርኩት። እፍ አለባቸው፤ ዞሩ። ደግሞ እፍ አለ። ከዚያ ባልደረባውን ጠርቶ እሱም እፍ እንዲል አደረገው። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው እየጠበቀ ሁለት ፖሊሶች ማን አብልጦ እንደሚያዞር ተወዳደሩ። ሲጨርሱ ስፖንጁን ራሳቸው መልሰው በጥንቃቄ ጠቀለሉልኝ፤ አንደኛው «ለዲላ ሰዎች ሰላም በያቸው» አለኝ።

ሐዋሳ ስደርስ መሽቶ ነበር። አውቶቡስ ተራው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። እኛ አገር እንግዳ ሲያድር ሁለት ብርድ ልብስ ይሰጠዋል፤ እዚህ አንዲት ስስ አንሶላ ሰጡኝና እሷንም ገፍፌ ተኛሁ። የእናቴ ጋቢ ትራስ ሆነ።

ረቡዕ

ከሐዋሳ ዲላ የሄድኩት በሚኒባስ ነው። በዚህኛው ላይ መታገሉ አልሆነልኝም፤ ካርቶኔ ከኋላ ገባ፤ ከላዩ አንድ ከባድ ማዳበሪያ ተጫነበት። ያ ማዳበሪያ ነገር ይዞብኝ እንደሚመጣ ያኔ አላሰብኩም። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

የእኛ አገር ሰው ሜዳ የለመደ ነው። ገብሱ ሲታጨድ ከአንዱ መንደር ሌላው መንደር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ዲላ ሲጠጋ ግን ዓይን የሚያርፍበት ርቀት የለም። እንሰቱ ከመንገዱ ጠርዝ ይጀምራል፤ ከእንሰቱ በላይ ቡናው፣ ከቡናው በላይ ትልልቆቹ ዛፎች። ቤቶቹ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው፤ ጭሳቸው ካልወጣ አይታዩም። አጠገቤ የተቀመጠውን ነጋዴ «እርሻው የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይሄ ሁሉ እርሻ ነው» አለኝ። እኔ ጫካ መስሎኝ ነበር።

ትዕግስት መናኸሪያ ጠበቀችኝ። በባጃጅ ሆነን፣ ካርቶኑን በመካከላችን አቅፈን፣ ከገበያው በላይ ያለው የእናቷ ቤት ገባን። እናቷ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው ዲላ የሰፈሩ ናቸው፤ እሳቸው ገበያው ጫፍ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጫማዬን ሳላወልቅ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ። ቆጮ ከእንሰት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ በልቼው ግን አላውቅም ነበር። እንደ እንጀራ ልጠቅልልበት ስሞክር ተሰበረብኝ።

«ቁረሺና በእሱ እፈሺው እንጂ» አሉኝ። «ገብስ በላተኛ መሆንሽ ያስታውቃል።»

ከምሳ በኋላ የመጀመሪያውን ጣቢያ ግቢያቸው ውስጥ ተከልን። ምሰሶ የሚሆን ወፍራም ቀርከሃ እትዬ አስካለ ከጎረቤት አስመጡልን። ሙቀቱ ገጹ ላይ ወጣ፤ ንፋሱም ወጣ። አመሻሹ ላይ ዝናብ መጣ። ደብረ ብርሃን ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ታይቶ ነው፤ እዚህ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ነው የሰማነው። በደስታ ስልካችንን ከፍተን ጠበቅን። ቆርቆሮው ከመጮኹ የተነሳ መነጋገር አልቻልንም፤ ገጹ ላይ ግን «ዝናብ፦ ዜሮ» ይላል። ጠበቅን። ዜሮ። እትዬ አስካለ ከኋላችን መጥተው ስልኩን አዩና፣ መስኮቱን አዩና፣ ሻይ ሊያመጡ ሄዱ።

ሐሙስ

ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ነገሩ ግልጽ ሆነ። ማንኪያዋ የምትገለበጥባት ቀጭን ሽቦ ጎብጣለች። የማዳበሪያው ሥራ ነው። ሌሎቹን ሁለቱን ከፈትኩ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ስለታሸጉ ሁሉም በአንድ ዓይነት ጎብጠዋል። ደብረ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ያለ አንዳች ችግር የሠራ ዕቃ እዚህ በደረሰ በማግስቱ ጭቃ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ሆነ። ኢዲዶ ላሉት ሰዎች ቅዳሜ እንደምንደርስ ትዕግስት ቃል ገብታላቸዋለች። ሽቦውን ለማቃናት ስሞክር አንዱ ተሰበረ። ተቀመጥኩ።

«ተነሽ» አለችኝ ትዕግስት። «ዲላ ገበያ የማይገኝ ነገር የለም።»

ዞርን። የመጀመሪያው ሱቅ ያለው ሽቦ ይወፍራል። ሁለተኛው ያለው ይለጠጣል። የጃንጥላ ዘንግ ሞከርን፤ ቀጥ ያለ ነው፤ ግን ዝገት ጀምሮታል። ትዕግስት የልጅነቷ ሰፈር ስለሆነ ሁሉንም በስም እየጠራች ከሱቅ ሱቅ ትገባለች፤ አንዱ በጌዴኦኛ፣ አንዱ በጉራጊኛ፣ አንዱ በሲዳምኛ ይመልስላታል፤ ዋጋ ላይ ሲደርሱ ሁሉም አማርኛ ይሆናሉ። እኛ አገር ገበያ አንድ ቋንቋ ነው የሚሰማው። እዚህ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሦስቱን ቢያስገባ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

በመጨረሻ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ላይ የተጣለ ጎማ አየሁ። የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች ቀጥ ያሉ፣ ጠንካራ፣ የማይዝጉ ናቸው። አንዱን ነቅዬ በጣቶቼ መሀል አሽከረከርኩት። ትዕግስት ፊቴን አይታ ሳቀች። «አገኘሽ አይደል?»

ከሰዓቱን በእትዬ አስካለ በረንዳ ላይ አሳለፍነው። ሽቦ ቆረጥን፣ ሞረድን፣ ማንኪያዎቹን መልሰን ሰቀልን። ልኬቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ በመርፌ መስጫ ሲሪንጅ ውኃ እያንጠባጠብን ግልብጫውን ቆጠርን። እትዬ አስካለ ሱቃቸውን ዘግተው መጥተው መቁጠሩን ተረከቡን፤ ጨርቅ ሲለኩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ አይሳሳቱም።

ዝናቡ በዚያው በትናንቱ ሰዓት መጣ። ሦስታችንም አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰን ነበር። ዜሮው ተቀየረ። ደግሞ ተቀየረ። እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ አዩ፤ ወደ ስልኩ አዩ፤ «አሁን እውነት ተናገረ» አሉ። ወዲያው የእኔው ስልክ ጠራ። እናቴ ናት።

«ዲላ እየዘነበ ነው አይደል?» አለችኝ። «ጃንጥላ ይዘሻል?»

እኛ ጣሪያ ሥር ያለውን ዝናብ እናቴ ከደብረ ብርሃን አየችው። ይህንን ነገር ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ኖሬያለሁ፤ እኔ ራሴ የገባኝ ግን በዚያች ቅጽበት ነው።

ዓርብ

የይርጋጨፌው ቀን አጭር ነው፤ ሁሉም ነገር ስለተሳካ ብዙ የሚነገር የለውም። በሚኒባስ ወናጎን አልፈን ሄድን። በመንገዱ ዳር ሰዎች በጀርባቸው ቀይ ቡና የሞላ ከረጢት ተሸክመው ይሄዳሉ። የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ትክል ድንጋዮች በአካባቢው እንዳሉ ሰምቼ ነበር፤ ለማየት ጊዜ አልነበረንም፤ ይህንንም እስከ አሁን ይቆጨኛል። የትዕግስት የቀድሞ ተማሪ የሆነች አንዲት ወጣት ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ያለውን ግቢዋን ሰጠችን። ተከልን፤ ውኃ አንጠባጠብን፤ ቁጥሩ ወጣ። ልጅቷ አቮካዶ በማንኪያ እያነሳን እስክንጠግብ አበላችን። እኛ አገር አቮካዶ በጭማቂ ቤት በብርጭቆ የሚጠጣ ነገር ነው። እዚህ ከዛፍ ወድቆ መንገድ ላይ ሰው ይረግጠዋል።

ቅዳሜ

ወደ ኢዲዶ የሚወጣው መንገድ ሌሊት በዘነበው ዝናብ ቀልጦ ስለነበር በሁለት ሞተር ሳይክል ሄድን። እኔ ጣቢያውን እንደ ሕፃን አዝዬዋለሁ። አንድ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ተንሸራቶ እኔና ነጂው ጭቃ ውስጥ ተቀመጥን። ከእንሰቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቅ ብለው አነሱን፤ አንደኛዋ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ጭቃዬን ጠረገችልኝ። ጣቢያው ጀርባዬ ላይ ስለነበር ምንም አልሆነም።

የሚጠብቁን ሰው አቶ ዱካለ ይባላሉ። የአካባቢው ገበሬዎች በጋራ ቡና የሚያደርቁበት ቦታ ኃላፊ ናቸው። እዚህ አልጋ የሚሉት ለመኝታ የሚሆነውን አይደለም፤ በእንጨት እግር ከፍ ተደርጎ ወንፊት የተዘረጋበት የቡና ማድረቂያ ነው። የታጠበው ቡና በረጃጅሞቹ አልጋዎች ላይ ነጭ ሆኖ ተሰጥቷል፤ ሴቶች በሁለት በኩል ቆመው በእጃቸው እያገላበጡ የተበላሸውን ይለቅማሉ። ለብዙ ቤተሰብ የዓመቱ ድካም ያ ነው። አንድ ጊዜ በደንብ ከረጠበ ይሸትታል፤ ስሙም ዋጋውም ይወርዳል።

አቶ ዱካለ እንድንቀመጥ አደረጉን፤ ማር አቀረቡልን፤ ከዚያ «አንተክልም» አሉ።

ትዕግስት ደነገጠች። «ጋሼ ዱካለ፣ ተስማምተን አልነበረም ወይ?»

«ተስማምተን ነበር። ሌሊት ሳስብ አደርኩና ተውኩት።» አማርኛቸው ረጋ ያለ፣ የጌዴኦኛ ዜማ ያለው ነው። «ከዚህ በፊት ሰዎች መጡ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አልሰደብኩም። እዚያ ጋ ብረት ሳጥን ተከሉ። ዝናባችሁን ይለካል አሉን። ለካ። ቁጥሩ የት ሄደ? እኛ አላየንም። ሳጥኑ ሞተ፤ ማን ያክመዋል? እኛ አላወቅንም። አሁን ዶሮ ይሰፍርበታል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ዝናቡ የእኛ ነች። እኛ ካላየነው ለምን ይለካል?»

መልሱ በእጄ ነበር፤ ነገር ግን ባፍ ብነግራቸው ከቀደሙት ሰዎች የተለየ አልናገርም። «ስልክዎን ይስጡኝ» አልኳቸው። ገጹን ከፈትኩት፤ ወይም ልከፍተው ሞከርኩ። ኔትወርክ የለም። ስልኩን አነሳሁ፣ ዞርኩ፣ ድንጋይ ላይ ወጣሁ። ለመደወልና ለአጭር መልእክት የምትበቃ አንዲት የኔትወርክ መስመር ብቻ አለች፤ ኢንተርኔት የለም። አቶ ዱካለ ሳይቸኩሉ ይመለከቱኛል።

ያኔ ከአልጋዎቹ አጠገብ ቡና ስታገላብጥ የነበረች አንዲት ሴት እጇን እየጠረገች መጣች። ባዩሽ ትባላለች፤ የአልጋ ሠራተኞቹ አስተባባሪ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ደወል ነው። «ኢንተርኔት እኔ ቤት አለ» አለች። «ከላይ ነው። ልጆቹ ለፌስቡክ እኔ አጥር ላይ ነው የሚሰበሰቡት።»

«ያንቺ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የሚዘንብበት ነው» አሏት አቶ ዱካለ እንደማሰብ ብለው።

«አዎ። እኔ ከላይ እጮኻለሁ፤ እዚህ ማንም አይሰማም። እየሮጥኩ ስመጣ ዝናቡ ከኋላዬ ይመጣል።»

እኔና ትዕግስት ተያየን። ዝናቡ ከጉብታው ጀርባ ተነስቶ መጀመሪያ የባዩሽን ግቢ ይመታል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ አልጋዎቹ ይወርዳል። ታች ያሉት በዛፍ ስለተከበቡ ደመናውን የሚያዩት አናታቸው ላይ ሲደርስ ነው። ጣቢያው መቆም ያለበት ከላይ ነው። ቁጥሩን ለገጹ መላኩ እንዳለ ሆኖ፣ ማንኪያዋ ስትገለበጥ ለታች ስልኮች አጭር መልእክት እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ለመልእክት ደግሞ ያቺ አንዲት መስመር ትበቃለች።

ሁላችንም ወጣን፤ አቶ ዱካለም ጭምር፤ «ለማየት ብቻ» እያሉ። ባዩሽ በአጥሯ ጥግ ላይ፣ ከእንሰቱም ከዛፉም የራቀ ገላጣ ቦታ መረጠችልን። ባሏ ጉድጓዱን ቆፈረ። ጣቢያው ቆመ። ሳሠራው ስልክ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስገባሁ፤ የአቶ ዱካለን፣ የባዩሽን፣ የአልጋ ሠራተኞቹን፣ የማድረቂያውን ዘበኛ፣ የራሴንም። ከዚያ አቶ ዱካለ የውኃ ብርጭቆ ጠየቁ።

«እኔ ላፍስ» አሉ።

አፈሰሱ፤ ቀስ ብለው፣ መድኃኒት እንደሚያጠጣ ሰው። ከሳጥኑ ውስጥ ማንኪያዋ ጠቅ፣ ጠቅ ስትል ተሰማ። የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ስልካቸው ጮኸ። አወጡት፤ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ አነበቡ፦ «ኢዲዶ ላይ ዝናብ ጀምሯል።» ገጹን ከፈትኩላቸው፤ የዲላ ዝናብ አለ፣ የይርጋጨፌ አለ፣ ከሥሩ የኢዲዶ፣ እሳቸው ያፈሰሱት። ከሰሜን የመጣ አንድም ሰው፣ ከዋና ከተማ የመጣ አንድም ሰው ከእሳቸው ቀድሞ አላየውም።

የእኔ ስልክ ጠራ። «ኢዲዶ የሚባለው ደግሞ የት ነው?» አለች እናቴ። «ክፉኛ ዘነበ እኮ።»

ድምፁን ከፍ አድርጌው ስለነበር ሁሉም ሰማ። አቶ ዱካለ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው «እናቴ፣ እኔ ነኝ ያዘነብኩት» አሏት። እናቴም «እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጄን እንዳይበርዳት» አለቻቸው። ጣቢያው እንዲቆይ ተፈቀደ። የብርጭቆውን ዝናብ ከገጹ ላይ ሰረዝኩ፤ ያን ሌሊት ባዩሽ ቤት አደርን። ቤቷን ለእኛ ለቃ እሷ ከልጆቿ ጋር ወጥ ቤት ተኛች፤ እምቢ ብንልም አልሰማችንም።

እሑድ

ጠዋቱ ፀሐይ ነበር። የኢዲዶ ሰው አብዛኛው ጴንጤ ስለሆነ ሁሉም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወረደ። እኔና ትዕግስት ኦርቶዶክሶች ነን፤ በአቅራቢያ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ አልጋዎቹ አጠገብ ዛፍ ሥር ተቀምጠን መዝሙሩን ከሩቅ ሰማን። አልጋዎቹ ላይ ቡናው ተሰጥቷል፤ የቀረው አንድ ዘበኛ ብቻ ነው። ዘበኛው ወንበር ላይ ያንቀላፋል። ምንም የሚያስፈራ ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ የተሰማው የዘበኛው ስልክ ነው። እሱ ከእንቅልፉ እስኪነቃ የእኔው ጮኸ። «ኢዲዶ ላይ ዝናብ ጀምሯል።» ቀና አልኩ። በዛፎቹ መካከል የሚታየው ሰማይ ሰማያዊ ነው። ትዕግስትን አየኋት። «ቅጠል ወድቆበት ይሆን?» አለችኝ። እኔም ያንኑ ፈርቻለሁ። ማንኪያዋ ያለ ምክንያት ተገልብጣ ሕዝቡን ከጸሎት ብታስነሳ ሁለተኛ የሚያምነን የለም። መልእክቱ ደግሞ ለአቶ ዱካለም ለሌሎቹም ደርሷል፤ መልሶ መጥራት አይቻልም።

መዝሙሩ ተቋረጠ። ከዚያ ጩኸት ሰማን፤ በጌዴኦኛ ስለሆነ ቃሉ አልገባኝም፤ የሚሮጥ ሰው ድምፅ ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። መጀመሪያ ባዩሽ ከእንሰቱ ውስጥ ወጣች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ከኋላዋ ሴቶች፣ ከኋላቸው ወንዶች፣ ሁሉም የእሑድ ልብሳቸውን እንደለበሱ። አቶ ዱካለ በኮትና በከረባት ይሮጣሉ። ማንም ሰማዩን ቀና ብሎ አላየም። ቀጥታ ቡናው ወደሚሸፈንባቸው ላስቲኮች ሄዱ።

እኛም ተነሳን። ላስቲኩን በአንዱ ጫፍ አንዲት ሴት፣ በሌላው ጫፍ እኔ ይዘን እየሮጥን በአልጋው ላይ እንዘረጋለን፤ ሌሎች ጠርዙን በድንጋይ ይጫኑታል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ፀሐዩ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። በእያንዳንዱ አልጋ ላይ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ ባይመጣስ? ሰማያዊ ሰማይ ሥር ቡና የምናለብስ ብቸኛ ሰዎች እኛ ነን።

የመጨረሻው አልጋ ላይ ስንደርስ ፀሐዩ ጠፋ። ዝም ብሎ ጠፋ፤ አንድ ሰው መብራት እንዳጠፋ። ከላይ፣ ከባዩሽ ቤት በኩል፣ ቅጠል ላይ የሚወርድ የውኃ ድምፅ እየቀረበ መጣ። የመጨረሻውን ጠርዝ ትዕግስት በድንጋይ ስትጫነው የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ላስቲኩ ላይ ተንኳኩ። ከዚያ ወረደ። እኛ አገር በክረምት እንኳ እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም። ሁላችንም የሚያስጠልለን ቤት እያለ በዝናቡ ውስጥ ቆመን አልጋዎቹን አየን። ውኃው በላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከሥሩ ቡናው ደረቅ ነው። አንዲት አሮጊት በአልጋው ጠርዝ እጃቸውን ሰደው ከላስቲኩ ሥር አንድ እፍኝ ቡና አወጡ፤ አሹት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አንኳኩት፤ አቶ ዱካለን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የተቋረጠውን መዝሙር ባዩሽ ጀመረችው። ከቆመበት ቦታ ነው የጀመረችው አሉኝ። ሁሉም ተቀበላት፤ ውኃ ከፊታቸው እየጠረጉ፣ ከረባታቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቆ። እኔ ግጥሙን አላውቀውም፤ አጨበጨብኩ።

አቶ ዱካለ ወደ እኔ መጡ። ብዙ የሚናገሩ መስሎኝ ነበር። «አየነው» አሉኝ ብቻ። «ይሄኛውን አየነው።»

ከሰዓት በኋላ ማን ቤት እንደምንበላ ክርክር ሆነ። የአራት ቤት ምሳ በላን። በመጨረሻው ቤት መጉረስ ያቃተኝን ጉርሻ ትዕግስት ስታይ «ደብረ ብርሃን እንዲህ አይበላም» ብላ አማለደችኝ፤ አልተሳካላትም።

ሰኞ

የመልሱን መንገድ አልጽፈውም፤ እንደ አመጣጤ ነው፤ ካርቶኑ ብቻ ባዶ ነበር። ዲላ ላይ እትዬ አስካለ የቡና ከረጢትና አንድ ሙሉ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው አሸከሙኝ። መጻፍ የምፈልገው ግን ከኢዲዶ የወጣሁበትን ጠዋት ነው።

ስንነሳ የባዩሽ ግቢ በሰው ተሞልቶ አገኘነው። ከሸለቆው ማዶ ካሉ መንደሮች በእግራቸው የመጡ ናቸው። የእሑዱን ወሬ ሰምተው እነሱም የራሳቸውን ሊሠሩ ፈልገዋል። ዝናብ ትናንት የእነሱን ቡና አግኝቶታል። እኔ ቶሎ ብዬ ቦርሳዬን አስቀመጥኩና ላስረዳ ወደ ፊት ወጣሁ። ባዩሽ ቀድማኛለች። ክዳኑን ከፍታለች፤ ሳህኖቹን እያሳየች በጌዴኦኛ ትናገራለች፤ ሰዎቹ ይጠይቃሉ፤ እሷ ትመልሳለች። አንዱ የብስክሌት ሽቦውን ነካ አድርጎ አንድ ነገር አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ትዕግስት መተርጎም ጀመረችልኝ፤ ከዚያ እሷም ወደ ጥያቄው ገብታ ረሳችኝ። ወጣቶቹ እያንዳንዱን ክፍል በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። አቶ ዱካለ ከአጥሩ ማዶ የውኃ ብርጭቆ ይዘው እየመጡ ነው።

ቆሜ አየኋቸው። የምጨምረው ነገር ካለ ብዬ ጠበቅሁ፤ የለኝም። ነጂው ሞተሩን አስነስቶ «ቲቸር፣ እንሂድ?» አለኝ። ከኋላው ተቀመጥኩ። እኛ ቁልቁል ስንወርድ ግቢው ውስጥ ማንኪያዋ ጠቅ አለች፤ የስንቱ ኪስ አብሮ ጮኸ፤ የእኔም።